በዋሻ መንገድ ስንጓዝ

ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ከተወያያችሁባቸው በኋላ ምንባቡን በጸጥታ አንብቡ።

1. ከምትኖሩበት ከተማ ተነሥታችሁ ወደ ሌላ ስፍራ በመኪና ስትጓዙ፣ ለነጂው አስቸጋሪ የሚሆኑት የመንገድ ክፍሎች የትኞቹ ናቸው? ለምን?
2. ተራራን በውስጡ ሰንጥቆ የሚያልፍ መንገድ አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?
3. «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረትና ምሳሌ የሚነገረው ለምን ዓይነት ሰው ነው?

ምንባብ

በጅማ ከተማ መርካቶ በተባለው ሰፈር ማለዳ የተገኘ ሰው የጭነት መኪናዎች ለጉዞ ሲዘጋጁ ያያል። ተሸካሚዎች የቡናውን ጆንያ በትከሻቸው እያደረጉ ወደ መኪናው ያወጣሉ። ረዳቱ ሸራውን ይወጥራል፤ ገመዱን ያጠብቃል። ሾፌሩ ደግሞ መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፤ ጎማውን በእግሩ ረገጥ ያደርጋል፤ ረዳቱን ከኋላ አቁሞ የፍሬን መብራቱ መሥራቱን ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር፣ በመንገድ ላይ የሚያስፈልገውን ነገር በመንገድ ላይ ለመፈለግ ጊዜ እንደማይኖረው ያውቃልና።

በአንዳንድ መንገድ ላይ ይህ ጥንቃቄ ቢጓደል መኪናውን ዳር አውጥቶ ጉድለቱን ማሟላት ይቻላል። ዳር የሌለው መንገድ ግን አለ። እርሱም የዋሻ መንገድ ነው። የዚህ ምንባብ ዓላማ፣ በዋሻ መንገድ የሚጓዝ ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡትን ደንቦች ከነምክንያታቸው መግለጽ ነው።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ ይወጣል፤ ከዚያም በወሊሶ አድርጎ አዲስ አበባ ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ዳገትና ቁልቁለት፣ ኩርባና ድልድይ ሞልቷል፤ ተራራ ሰንጥቆ የሚያልፍ ዋሻ ግን የለም። ስለዚህ በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ተወልዶ ያደገ ተማሪ «ስለ ዋሻ መንገድ ማወቅ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም።

መልሱ ሩቅ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይደርሳቸዋል። ምደባው ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ወልድያ የሆነ እንደሆነ፣ ከአዲስ አበባ የተሳፈራችሁበት አውቶቡስ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ወደ ተራራ ሆድ ይገባል። ከእናንተም ውስጥ አንዳንዱ በተሳፋሪነት ብቻ አይቀርም፤ ነገ መሪ የሚጨብጥ፣ ጭነት የሚጭን ወይም መኪና አከራይቶ የሚያሠራ ይሆናል። ያን ጊዜ የራሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሰዎች ሕይወት በእጁ ላይ ይወድቃል።

የዋሻ መንገድ ምንድን ነው?

ዋሻ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ተፈጥሮ የሠራው ጉድጓድ ነው። በዚህ ምንባብ ግን ዋሻ የምንለው፣ ሰው ተራራን በስቶ ወይም ምድርን ቆፍሮ የሠራውን መተላለፊያ ነው። መሿለኪያም ይባላል። እንዲህ ያለ ሥራ ለልዩ ልዩ ጉዳይ ይውላል። ለምሳሌ ያህል፣ በጅማ አካባቢ የግልገል ጊቤ 2 የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ውሃውን የሚያገኘው በተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር በሚዘልቅ ዋሻ ነው። ዋሻው የሚያስተላልፈው ውሃ ብቻ ስለሆነ ሰው አይመላለስበትም። የመኪና መንገድ ዋሻ ግን በየሰዓቱ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት በመሆኑ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በአገራችን እጅግ የታወቀው የመኪና መንገድ ዋሻ ከላይ የጠቀስነው የጣርማ በር ዋሻ ነው። የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ነው። የተሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ርዝመቱ 587 ሜትር ነው። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አካባቢው ብርዳምና ጉማም ነው። በስፍራው ስም መጨረሻ ላይ ያለው «በር» የሚለው ቃል ተራራ መተላለፊያ የሚሰጥበትን ስፍራ ያመለክታል። ደገኛው ምድር እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከዋሻው ማዶ ምድሩ በአንድ ጊዜ ወደ ቆላ ይወርዳል።

በአዲስ አበባም ከፑሽኪን አደባባይ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለው ያሉ መሿለኪያዎች ተሠርተዋል። እነዚህ ተራራን ሳይሆን ከተማን በሥሩ የሚያልፉ ናቸው። ቢሆንም ደንባቸው ከተራራው ዋሻ ደንብ የሚለይ አይደለም።

ዋሻን ከሌላ መንገድ የሚለየው

የዋሻ መንገድ ከሌላው መንገድ የሚለይባቸው ሦስት ዋና ዋና ነገሮች አሉ። እነርሱም ብርሃን፣ ስፍራና አየር ናቸው።

በመጀመሪያ ብርሃንን እንመልከት። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ጎጆ የገባ ሰው ለጥቂት ጊዜ አጠገቡ ያለውን መደብ እንኳ መለየት ያቅተዋል። ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲሻገር ራሱን ለማስለመድ ጊዜ ይፈልጋል። ይህም በጎጆ ውስጥ የሚያስከትለው ጉዳት ቢኖር በርጩማ ማደናቀፍ ነው። በመኪና ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በእያንዳንዱ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንግዲህ የነጂው ዓይን ለ3 ሰከንድ ብቻ ቢቸገር፣ መኪናው 50 ሜትር ያህል መንገድ ያለ ዓይን ተጓዘ ማለት ነው። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ የቆመ መኪና፣ እግረኛ ወይም ከብት ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ስፍራ ነው። በሜዳ መንገድ ላይ አደጋ የመጣበት ነጂ መሪውን ወደ ዳር ይመልሳል፤ ቢብስ እርሻ ውስጥ ይገባል። በዋሻ ውስጥ ግን ግራውም ቀኙም ግድግዳ ነው። ጣርማ በርን በመሰለ ዋሻ ደግሞ የሚሄደውና የሚመጣው መኪና የሚተላለፉት በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ የሠራውን ስሕተት ሌላው ሸሽቶ ሊያመልጠው አይችልም።

ሦስተኛው አየር ነው። በሜዳ ላይ የመኪና ጭስ ወጥቶ ይበተናል። በዋሻ ውስጥ ግን በጣሪያውና በግድግዳው ታግቶ ይቆያል። ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችን ኦክስጅንን እንዳይሸከም ያግደዋል። በዚህ ምክንያት ሰውየው መታፈኑን ሳያውቅ ይደክመዋል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ከዚያም ይወድቃል። ሞተሩን ሳያጠፋ በዋሻ ውስጥ ቆሞ የሚጠብቅ ነጂ፣ የሚጎዳው ራሱንና አብረውት የቆሙትን ሁሉ ነው።

የሚከተሉት ደንቦች በሙሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ነገሮች የመነጩ ናቸው። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ደንቡን ለማስታወስ አይቸገርም።

ከዋሻው ከመግባት በፊት

አንደኛ፣ ጭነት የጫነ ነጂ የጭነቱን ቁመትና ስፋት ማወቅ አለበት። በዋሻው አፍ ላይ የከፍታ ልክ ተጽፎ ከተገኘ፣ ከዚያ በላይ የተቆለለ ጭነት ይዞ «ይደርስ ይሆናል» በሚል ግምት መግባት አይገባም። የላላ ገመድና የሚውለበለብ ሸራም ከዋሻው ውጭ ይጠብቃል እንጂ ውስጥ ገብቶ አይቋጠርም።

ሁለተኛ፣ ነጂው የነዳጁን መጠንና የሞተሩን ሙቀት ይመልከት። ዳገት ሲወጣ የቆየ መኪና ሞተሩ ግሎ ከሆነ፣ ዋሻው ከመድረሱ በፊት ሰፊ ስፍራ ፈልጎ ማቀዝቀዝ ይሻላል። በዋሻ ውስጥ ነዳጅ ማለቅ ወይም ሞተር መጋል ዕድል የሚያመጣው አደጋ ሳይሆን የቸልተኝነት ውጤት ነው።

ሦስተኛ፣ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ነጂ ያውልቅ። አጭር መብራቱንም ቀን ቢሆን እንኳ ያብራ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት፣ መብራት የሚበራው ለማየት ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። መብራት የሚበራው ለመታየትም ጭምር ነው። ከፊት የሚመጣው ነጂ መኪናችሁን የሚያውቀው በመብራቱ ነው። ረጅም መብራት ግን የሌላውን ዓይን ስለሚያጠፋ አይበራም።

አራተኛ፣ ፍጥነት የሚቀነሰው ከዋሻው አፍ ከመድረስ በፊት ነው። ጨለማው ውስጥ ገብቶ ፍሬን የሚይዝ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ያስደነግጣል፤ ከኋላ ያለውም ያው ጨለማ ዓይኑን ይዞታልና በጊዜ አያይም።

በዋሻው ውስጥ

በአገራችን ተሽከርካሪዎች ቀኝ ይዘው መሄድ የጀመሩት በ1956 ዓ.ም. ነው። ይህ ደንብ በሁሉም መንገድ የሚሠራ ቢሆንም፣ በዋሻ ውስጥ ግን ከሁሉ ይበልጥ ይጠብቃል። የመሀሉን መስመር ረግጦ መሄድ ከፊት ለሚመጣው ስፍራ መንፈግ ነው። ከፊት ካለው መኪና መራቅም ያስፈልጋል፤ እርሱ በድንገት ቢቆም ሳይነኩት ለመቆም የሚያስችል ርቀት መኖር አለበት። ጭነት የያዘ መኪና ለመቆም ረጅም መንገድ ስለሚፈልግ፣ ባለ ጭነቱ ከሌላው አብልጦ መራቅ ይገባዋል።

በዋሻ ውስጥ ሌላውን መኪና መቅደም አይፈቀድም። ዞሮ መመለስና ወደ ኋላ መንዳትም እንዲሁ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ ኋላ በተጨመረለት አንቀጽ በዋሻ ውስጥ ዞሮ መመለስንና ወደ ኋላ መንዳትን ይከለክላል። ዋሻው ራሱ መብራት ያለው ቢሆንም እንኳ መኪናው መብራቱን ማብራት እንዳለበት፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም ሞተሩን ማጥፋት እንደሚገባው ይናገራል።

«ቀርፋፋ መኪና ከፊቴ ቢገባብኝስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በሒሳብ እንመልሰው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 587 ሜትሩን የጣርማ በር ዋሻ ለመጨረስ የሚፈጅበት 53 ሰከንድ ያህል ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚያዘግም ከባድ መኪናን ተከትሎ የሚሄድ ነጂ ደግሞ 1 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያችን ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ በጨለማ ውስጥ የሚቀድም ሰው፣ ምንን በምን እንደሚለውጥ ያላሰበ ሰው ነው።

መኪና ቢበላሽ

ሞተር ቢታመምም መኪናው መሄድ እስከቻለ ድረስ ቀስ እያሉ ከዋሻው መውጣት ይገባል። ካልተቻለ በተቻለ መጠን ወደ ቀኝ ግድግዳ ተጠግቶ መቆም፣ ሁለቱንም ፍሬቻ ማብራትና ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፤ ግድግዳውን ይዘው በአንድ ረድፍ ወደሚቀርበው አፍ ይወጣሉ። ነጂው ወይም ረዳቱ ከኋላና ከፊት ለሚመጡት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት።

በዚህ ረገድ በአገራችን መንገዶች ላይ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። መኪና የተበላሸበት ሰው ቅጠልና ድንጋይ በመንገዱ ላይ ይደረድራል። መኪናው ከተጠገነ በኋላ ግን ድንጋዩን እዚያው ትቶ ይሄዳል። ይህ በሜዳ ላይ እንኳ ጎጂ ነው። በዋሻ ውስጥ ሲሆን ቅጠሉ በጨለማ አይታይም፤ የተተወው ድንጋይ ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ በመኪና ውስጥ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትና የእጅ ባትሪ ሊኖር ይገባል። ምልክቱ ሥራውን ሲፈጽም ይነሣል።

እሳት ቢነሣ

እሳት በዋሻ ውስጥ ከሚደርሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። ስለዚህ ነገር ከሩቅ አገር የተገኘ ትምህርት አለ።

ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚያገናኘው የሞን ብላን ዋሻ 11.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1999፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ አንድ የጭነት መኪና በዚህ ዋሻ ውስጥ ሳለ እሳት ተነሣበት። የጫነው ቤንዚን ወይም ባሩድ አልነበረም፤ ዱቄትና ማርጋሪን ነበር። ይሁን እንጂ ከመኪናው ስብ የሞላበት ጭነት የተነሣው እሳትና ጭስ ዋሻውን ሞላው። ከኋላው የነበሩት መኪናዎች መሄጃ አጡ። በአደጋው 39 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የተገኙት በመኪናቸው ውስጥ ወይም በመኪናቸው አጠገብ ነበር። እሳቱ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ከሁለት ቀን በላይ ከነደደ በኋላ ነው። ዋሻውም እ.ኤ.አ. እስከ 2002 ድረስ ተዘግቶ ቆየ።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 2001፣ በስዊዘርላንድ በሚገኘው 16.9 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጎትሃርድ ዋሻ ውስጥ ሁለት የጭነት መኪናዎች ተጋጭተው እሳት ተነሣ። በዚህኛው አደጋ የሞቱት ሰዎች 11 ነበሩ። በዋሻው ጎን ለጎን ሰው የሚሸሽበት ሌላ መተላለፊያ ተሠርቶ ስለነበር፣ መኪናቸውን ትተው ወደዚያ የገቡት ብዙ ሰዎች ድነዋል። እንዲህ ያሉት አደጋዎች ካስተማሩ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ዋሻ ደኅንነት መመሪያ አወጣ። መመሪያው የሚመለከተው በዋና ዋናዎቹ አውራ ጎዳናዎች ላይ ያሉትን ከ500 ሜትር የሚበልጡ ዋሻዎች ነው። የእኛ ጣርማ በር በዚሁ ሚዛን ቢለካ ከልኩ በላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ከእነዚህ አደጋዎች የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ተጠቃሎ ሊቀርብ ይችላል።

መኪናው ጭስ ማውጣት ከጀመረና መንዳት ከተቻለ፣ ሳይቆሙ ከዋሻው ይዞ መውጣት ከሁሉ ይሻላል። መሄድ ካልቻለ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ግን እዚያው ይተው፤ ሊረዳ የሚመጣ ሰው መኪናውን ለማንሣት ያስፈልገዋልና። እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ በመኪናው ውስጥ ባለው የእሳት ማጥፊያ ይሞከር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። በማጥፊያው ካልጠፋ ግን ከእሳቱ ጋር መታገል ይቅር፤ ሁሉም ይሽሽ።

የሚሸሽ ሰው ጭሱ ወደሚሄድበት ሳይሆን ጭሱ ወደሌለበት አቅጣጫ ይሂድ። ጭስ ሲሞቅ ወደ ጣሪያ ስለሚወጣ፣ ከታች የሚገኘው አየር ለጊዜው የተሻለ ነው። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በእጅ ግድግዳውን እየዳሰሱ መሄድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ፣ ለሻንጣ ወይም ለጭነት ብሎ መዘግየት፣ ከወጡም በኋላ ተመልሶ መግባት አይገባም። ጆንያ ቡና በሚቀጥለው ዓመት ይለቀማል፤ ሰው ግን አይተካም።

የተሳፋሪና የእግረኛ ድርሻ

ደንብ የሚመለከተው ነጂውን ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ተሳፋሪው ነጂውን በወሬ አይያዘው፤ ስልክ ሲያወራ ዝም ብሎ አይመልከተው። እናንተ ወጣቶች ብትሆኑም «ጋሼ፣ ዋሻው ደርሷል፤ ስልኩን ቢያስቀምጡት» ብላችሁ በአክብሮት ብትናገሩ ነውር የለበትም። ወደ አውቶቡስ ስትገቡ በሮቹ በየት እንዳሉና የእሳት ማጥፊያው የት እንደተሰቀለ አንድ ጊዜ ተመልከቱ። መተላለፊያው በሻንጣና በጆንያ ተዘግቶ ከሆነም፣ መኪናው ከመናኸሪያ ሳይወጣ እንዲነሣ ጠይቁ።

በአገራችን መንገዱን ከመኪና ጋር እግረኛውና ከብቱም ይጋሩታል። በዋሻ ውስጥ በእግር ማለፍ የግድ የሆነበት ሰው፣ ከፊቱ የሚመጣውን መኪና እንዲያይ ግራውን ይዞ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ መብራት ይዞ ይሂድ። ነጭ ልብስ ከጥቁር ይልቅ ይታያል። ከብት የሚነዳ ሰው መንጋውን ከዋሻው አፍ አቁሞ፣ አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ መብራት ይዘው ሲዘጋጁ ብቻ ያስገባ።

ከዋሻው ሲወጡ

ከዋሻ መውጣት የጥንቃቄው ፍጻሜ አይደለም። ዓይን ወደ ጨለማ ሲገባ እንደተቸገረ ሁሉ ወደ ብርሃን ሲወጣም ይንጸባረቅበታል። በጣርማ በር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በውስጥ ያልነበረ ጉም በአፉ ላይ ተጋድሞ ሊጠብቅ ይችላል። ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድም ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ ነጂው ከዋሻው ሲወጣ ፍጥነት ሳይጨምር በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባዋል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊለው ይችላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የተዘረዘሩትን ደንቦች መለስ ብላችሁ ብታስተውሏቸው፣ አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ከዋሻው ውጭ መሆኑን ትገነዘባላችሁ። ገመድ የሚጠብቀው፣ ነዳጅ የሚታየው፣ መብራት የሚበራው፣ ፍጥነት የሚቀነሰው ገና ከመግባት በፊት ነው። የእሳት ማጥፊያ የሚገዛውም እሳት ከመነሣቱ በፊት ነው። ዋሻ ጊዜንም ስፍራንም ስለሚነሣ፣ በውስጡ ሆኖ ለማሰብ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ የሚያስበውን አስቦ ይገባል። በዋሻ ውስጥ መቅደም ክልክል ነው፤ ጥንቃቄን ማስቀደም ግን ግዴታ ነው።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት አድርጋችሁ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. የዋሻን መንገድ ከሌላ መንገድ የሚለዩት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ከእያንዳንዱ የሚመነጭ አንድ አንድ ደንብ ጥቀሱ።
2. በሞን ብላን ዋሻ የተቃጠለው መኪና የጫነው ምን እንደነበር ጸሐፊው የነገረን ለምን ይመስላችኋል?
3. መብራት የሚበራው «ለማየት ብቻ» አይደለም የተባለው ስለምንድን ነው?
4. ጸሐፊው ምንባቡን ስለ ዋሻ ሳይሆን ስለ መርካቶ በመናገር የጀመረው ለምንድን ነው? ከማጠቃለያው ጋር አገናዝባችሁ መልሱ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

መሿለኪያ፣ ታግቶ፣ ቸልተኝነት፣ መንፈግ፣ ፋታ

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ። ደንብ በአማርኛ በልዩ ልዩ መንገድ ይገለጻል። ለቅርብ ሰው በትእዛዝ «ፍጥነት ቀንስ»፣ በክልከላ «አትቅደም» ይባላል። ለሩቅ ሰው ሲነገር «ይቀንስ»፣ «አይቅደም» ይሆናል። ማንንም ሳይጠቅሱ ለሁሉም ለመናገር ሲፈለግ ደግሞ «መቅደም ክልክል ነው» ይባላል። ከምንባቡ ውስጥ ሦስት ደንቦች መርጣችሁ እያንዳንዱን በእነዚህ በሦስቱም መንገዶች ጻፉ። ቀጥሎም በመንገድ ምልክት ላይ ለመጻፍ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ከነምክንያቱ አስረዱ።

መ. ድርሰት። ገላጭ ድርሰት ደንብን ዘርዝሮ ብቻ አያቆምም፤ ምክንያቱን ጨምሮ፣ በሚፈጸምበት ቅደም ተከተል ያቀርባል። በምትኖሩበት ከተማ በገበያ ቀን ባጃጅ፣ ጋሪ፣ የጭነት መኪናና እግረኛ የሚጋፉበትን አንድ መንገድ ምረጡ። በዚያ መንገድ የሚተላለፍ ሰው ከመግባቱ በፊት፣ በውስጡ ሳለና ከወጣ በኋላ ሊጠብቃቸው የሚገቡትን ደንቦች ከነምክንያታቸው የሚገልጽ፣ አምስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።